ኤሌክትሪክ ሌዲላንድን ከዳር እስከ ዳር እንዴት እንስማው

ጂሚ ሄንድሪክስን በፎቶ የማያውቅ የለም። ፀጉሩን፣ ገልብጦ በግራ እጁ የሚጫወተውን ጊታር፣ መድረክ ላይ ተንበርክኮ ጊታሩን ያቃጠለበትን ፎቶ ሁሉም አይቶታል። ግን ፎቶውን ከሚያውቀው ሰው መሀል አልበሙን ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻ የሰማው ስንቱ ነው ብትሉኝ በጣም ጥቂት ነው የምላችሁ። ብዙ ሰው አንድ ሁለት ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ይከፍትና ጩኸት ይሰማል፣ "እሺ ጎበዝ ነው" ብሎ ያልፋል፣ እና በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ኤሌክትሪክ ሌዲላንድ ከወጣበት ከኦክቶበር 1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስካሁን ሰው እየተቀባበለ የሚሰማው በጩኸቱ አይደለም። ከኢፌክቱ፣ ከቴፕ ጨዋታው፣ ከዛ ሁሉ ሳይኬደሊክ፣ ህልም የሚመስል ነገር ስር ያረጀ የማያረጅ ብሉዝ፣ የድሮው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ አለ፣ አልበሙን የተሸከመው እሱ ነው። ብሉዙን መጀመሪያ ካገኛችሁት ሌላው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል፣ ካላገኛችሁት ግን 75 ደቂቃ ሙሉ ግራ ገብቷችሁ ነው የምትወጡት። ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩት።

ደረጃ 1፦ መስሚያውን አስተካክሉ

በስልክ ስፒከር አትስሙት፣ የምሬን ነው። ይሄ አልበም ስቴሪዮን እንደ አንድ መሳሪያ የተጠቀመ አልበም ነው፣ ጊታሩ ከግራ ጆሮ ወደ ቀኝ ይሄዳል ይመለሳል፣ ድምፁ ይርቃል ይቀርባል፣ በአንድ ስፒከር ከሰማችሁት ግማሹ ስራ ጠፋ ማለት ነው። ውድ ሄድፎን አያስፈልግም፣ ሁለቱም ጆሮው የሚሰራ ተራ ኢርፎን ይበቃል። ስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ ሞኖ ኦዲዮ የሚል ነገር ካለ መጥፋቱን እዩ፣ አንዳንድ ሰው ሳያውቅ በርቶ ለአመታት ይቆያል። ሻፍልም አጥፉ። ዘፈን ከዘፈን ሲያልፍ የሚያቀላቅለው ክሮስፌድ የሚባለውንም አጥፉ፣ ምክንያቱም እዚህ አልበም ላይ ትራክ ከትራክ የሚገናኝበት ቦታ ራሱ የታሰበበት ነው፣ አፑ የራሱን ከጨመረበት ይበላሻል።

ድምፁን ደሞ ትንሽ ከፍ አድርጉት፣ ጆሮ እስኪያም ሳይሆን ቤዙ ደረት ላይ እስኪሰማ።

ደረጃ 2፦ ከመጀመሪያው ትራክ አትጀምሩ

አውቃለሁ፣ አልበም ከአንድ ነው የሚጀመረው። ግን የመጀመሪያው ትራክ ዘፈን አይደለም፣ ቴፕ አዘግይተውና ገልብጠው የሰሩት ከአንድ ደቂቃ ትንሽ የሚበልጥ የድምፅ ጨዋታ ነው፣ ለአዲስ ሰው በሩን ይዘጋበታል። መጀመሪያ አራተኛውን ትራክ ክፈቱ፣ ቩዱ ቻይል የሚለውን ረጅሙን፣ 15 ደቂቃ የሚሆነውን። መጨረሻ ላይ ካለው አጭሩ ጋር ስማቸው ስለሚመሳሰል ተጠንቀቁ፣ አጭሩ ላይ ስላይት ሪተርን የሚል ቅጥያ አለበት።

ረጅሙ የተቀዳው ሜይ 2 ቀን 1968 ኒውዮርክ ሪከርድ ፕላንት ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ሄንድሪክስ የዛን ሰሞን ዘ ሲን የሚባል ክለብ እየሄደ ካገኘው ሙዚቀኛ ጋር ሁሉ ሲጫወት ነበር የሚያድረው፣ ከዛ ደሞ ሰዎቹን ሰብስቦ ወደ ስቱዲዮ ይወስዳቸዋል። የዛን ሌሊት ኦርጋኑ ላይ ትራፊክ ከሚባለው ባንድ ስቲቭ ዊንዉድ ነው፣ ቤዙ ላይ ጄፈርሰን ኤርፕሌን ከሚባለው ባንድ ጃክ ካሳዲ፣ ድራሙ ላይ የራሱ ባንድ ልጅ ሚች ሚቸል። ብዙም ሳይለማመዱ ነው የገቡበት። የተመልካች ጩኸትና ወሬ ትሰማላችሁ፣ እሱ የክለብ ስሜት እንዲኖረው ብለው ለብቻው ቀድተው የጨመሩት ነው።

ስትሰሙ ይሄን አድርጉ። መጀመሪያ ሁለት ሶስት ደቂቃ ምንም አትፈልጉ፣ ዝም ብላችሁ እሱ ሲያንጎራጉር ጊታሩም አብሮት ሲያንጎራጉር ስሙ፣ ድምፁ የሚለውን ጊታሩ ይደግመዋል፣ ይሄ የድሮ የሚሲሲፒ ብሉዝ ወግ ነው፣ ማዲ ዋተርስ ከዛ ይዞት ቺካጎ የገባው። ሄንድሪክስ ከዚህ በፊት ካትፊሽ ብሉዝ የሚባለውን የማዲ ዋተርስ ወገን የሆነ ብሉዝ መድረክ ላይ ይጫወት ነበር፣ ቩዱ ቻይል ከሱ ነው ያደገው። ከዛ ኦርጋኑን ፈልጉ። ዊንዉድ ጀርባ ሆኖ የሚያጅብ እንዳይመስላችሁ፣ ሄንድሪክስ አንድ ነገር ይላል እሱ ይመልሳል፣ አንዳንዴ ቀድሞ ይላል ሄንድሪክስ ይከተላል፣ ወደ መሀል አካባቢ ሁለቱም ፀጥ ብለው ከዛ ቀስ እያሉ ተያይዘው ሲነሱ ትሰማላችሁ። ለኔ የአልበሙ ልብ እዚህ ጋ ነው ያለው። ግጥሙም የድሮ ብሉዝ ፉከራ ነው፣ ስለተወለደበት ሌሊት፣ ስለቀላችው ጨረቃ፣ ብሉዝ ዘፋኝ ራሱን ከሰው በላይ አድርጎ የሚናገርበት ወግ፣ ፉከራና ቀረርቶ ለምናውቅ ሰዎች ስሜቱ እንግዳ አይሆንብንም።

15 ደቂቃ ረዘመብኝ የምትሉ ካላችሁ ስራ እየሰራችሁ አትስሙት፣ አስቸጋሪ የሚሆነው ያኔ ነው። ቁጭ ብላችሁ ከሰማችሁት አይረዝምም።

ደረጃ 3፦ ወዲያው የአልበሙን የመጨረሻ ትራክ ክፈቱ

ይሄ ቩዱ ቻይልድ ስላይት ሪተርን የሚባለው ነው፣ አምስት ደቂቃ ገደማ። የተቀዳው በማግስቱ ሜይ 3 ነው፣ በዛው ስቱዲዮ፣ የቲቪ ካሜራ ቀራፂዎች መጥተው ባንዱ ሲጫወት ለመቅረፅ ሲፈልጉ ሄንድሪክስ ከሚች ሚቸልና ከቤዝ ተጫዋቹ ከኖል ሬዲንግ ጋር እዛው የጀመሩት ነገር ነው። አንድ ሀሳብ፣ የአንድ ቀን ልዩነት፣ ግን ፍፁም ሌላ ነገር። የመጀመሪያው ሰከንድ ላይ ክሮቹን በቀኝ እጁ አፍኖ ቃጭል ቃጭል እያደረገ ዋዋ ፔዳሉን፣ ጊታሩን የሚያወራ የሚያስመስለውን፣ በእግሩ ሲረግጥ ይሰማል፣ ኖታ የለውም ገና፣ ምት ብቻ ነው፣ ከዛ ያቺ ሪፍ፣ እየተደጋገመች የምትመጣዋ አጭር የጊታር ዜማ፣ ትገባለች።

ሁለቱን ተከታትላችሁ ስትሰሙ ነው ነገሩ የሚገባችሁ። ትናንት ማታ ሰፊና ቀርፋፋ የነበረው ብሉዝ ዛሬ ተጨምቆ ሮክ ሆነ። ሳይኬደሊክ የሚሉት ነገር ብሉዙን አልተካውም፣ እላዩ ላይ ነው የተሰራው። በነገራችን ላይ ይሄ አጭሩ ሄንድሪክስ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1970 በ27 አመቱ ለንደን ውስጥ ከሞተ በኋላ እንግሊዝ ሀገር ሲንግል ሆኖ ወጥቶ አንደኛ ሆኗል፣ በህይወት እያለ እዛ በሲንግል አንደኛ ወጥቶ አያውቅም።

ደረጃ 4፦ ዋችታወርን አራት ጊዜ ስሙ

ኦል አሎንግ ዘ ዋችታወር የቦብ ዲላን ዘፈን ነው፣ የዲላን አልበም የወጣው በ1967 መጨረሻ ነው፣ ሄንድሪክስ ደሞ ገና ጃንዋሪ 1968 ሳያልቅ ለንደን ኦሊምፒክ ስቱዲዮ ገብቶ መቅዳት ጀመረ። ባለ 12 ክሩን አኩስቲክ ጊታር የሚጫወተው ዴቭ ሜሰን ነው። ኖል ሬዲንግ ተናዶ ከስቱዲዮ ስለወጣ ቤዙን ሄንድሪክስ ራሱ ነው የሞላው፣ ካልኩ አይቀር አልበሙ ላይ ብዙ ቦታ ቤዙ የሱ ነው።

አሜሪካ ውስጥ 20ኛ፣ እንግሊዝ 5ኛ ደረጃ የደረሰ ሲንግል ስለሆነ ምናልባት ሰምታችሁታል። አሁን ግን መሀል ላይ ያለውን ረጅሙን ሶሎ ብቻ ፈልጉት፣ ከ1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ በኋላ ይጀምራል። ብዙ ሰው እንደ አንድ ሶሎ ይሰማዋል ግን አራት ክፍል ነው። መጀመሪያ ግልፅ ያለ፣ ዜማውን ተከትሎ የሚሄድ አለ። ከዛ ድምፁ ይቀየራል፣ ክሩ ላይ በሚንሸራተት ነገር የሚጫወተው ስላይድ ነው፣ ኢኮ ገብቶበት ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ሶስተኛው ዋዋ ነው፣ ጊታሩ አፉን ከፍቶ እየዘጋ የሚያወራ ይመስላል። አራተኛው ላይ ነጠላ ኖታ ትቶ ወደ ኮርድ ይሄዳል፣ ምቱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ወደ ግጥሙ ይመልሳችኋል። አንዱን ከሌላው እስክትለዩ ደጋግማችሁ ስሙት፣ አራት ጊዜ ያልኩት በያንዳንዱ ጊዜ አንዱን ክፍል ብቻ እንድትከተሉ ነው። ጠቅላላው አንድ ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል፣ አራት የተለያየ ድምፅ፣ ሁሉም ደሞ ታሪክ የሚናገር ነው እንጂ ጣት ለማሳየት አይደለም። ዲላን ራሱ ከሄንድሪክስ በኋላ ዘፈኑን መድረክ ላይ ሲጫወት የሱን አካሄድ ተከትሏል።

ደረጃ 5፦ አንዴ ደሞ ጊታሩን እርሱት

ይሄን ሰው አያደርገውም፣ ግን ይሰራል። አንድ ቀን አልበሙን ክፈቱና ሚች ሚቸልን ብቻ ስሙ። ልጁ የጃዝ ጆሮ ያለው ድራመር ነው፣ የጃዝ ድራመሩን ኤልቪን ጆንስን ይወድ ነበር፣ ዝም ብሎ ምት አይጠብቅም፣ ጊታሩ ስር እየተንከባለለ ይሞላል ይመልሳል። ጂፕሲ አይስ ላይ ባስ ድራሙ እንዴት እንደሚራመድ ስሙ፣ ዘፈኑ ሙሉ በሙሉ እሱ ላይ ነው የቆመው።

ደረጃ 6፦ ሶስተኛው ገፅ፣ ማታ

አልበሙ ሲወጣ ሁለት ሸክላ ነበር፣ አራት ገፅ። ሶስተኛውን ገፅ ለብቻው ስሙት፣ ከሬኒ ደይ ድሪም አወይ ጀምራችሁ 1983 የሚለውን አልፋችሁ ሙን ተርን ዘ ታይድስ እስከሚያልቅ። ማታ ይሁን፣ መብራቱም ይጥፋ፣ ስልኩም ይገልበጥ።

ሬኒ ደይ ላይ ሌላ ባንድ ነው ያለው፣ ድራሙ በዲ ማይልስ ነው፣ ማይክ ፊኒጋን ኦርጋን፣ ፍሬዲ ስሚዝ ሳክስፎን፣ ላሪ ፎሴት ኮንጋ። ሰዎቹ ዝናብ ቀን ቤት ቁጭ ብለው የሚጫወቱ ነው የሚመስሉት፣ ዘና ያለ፣ ሳቅና ወሬ ያለበት። ዘፈኑ መሀሉ ላይ ይቆረጥና ቀሪው አራተኛው ገፅ መጀመሪያ ላይ ይመለሳል፣ ስቲል ሬኒንግ ስቲል ድሪሚንግ ተብሎ። በመሀል የባህሩ ታሪክ ገባ ማለት ነው።

1983 ወደ 14 ደቂቃ ይጠጋል። ታሪኩ በጦርነት የጠፋች ምድር ላይ ያለ ሰው ከሚወዳት ሴት ጋር ባህር ውስጥ ገብቶ ለመኖር ሲሄድ ነው፣ ሰዎች አይቻልም ይሉታል፣ እሱ ይሄዳል። መሀል ላይ ዘፈኑ ይሟሟል፣ ዜማ ይጠፋል፣ የክሪስ ዉድ ፍሉት ይገባል፣ የሚች ሚቸል የማርሽ ድራም ይገባል፣ ቤዙ ለብቻው ይናገራል። እንደ ባህር ወፍ የሚጮህ ድምፅ አለ፣ ሄድፎን ማይክራፎን አጠገብ አድርገው በፊድባክ፣ ድምፁ ወደ ራሱ ሲመለስ በሚፈጥረው ጩኸት፣ የሰሩት ነው። ሚክሱን ሄንድሪክስና ኢንጂነሩ ኤዲ ክሬመር አንድ ላይ ኮንሶሉ ላይ ተቀምጠው አራት እጅ ሆነው ነው የሰሩት፣ ዛሬ ኮምፒውተር በሁለት ክሊክ የሚያደርገውን ያኔ እጅ ለእጅ እየተላለፉ፣ አንዱ ከሳተ እንደገና። ይሄን እያወቃችሁ ስሙት፣ ድምፁ ግራና ቀኝ ሲሄድ የሰው እጅ ነው የሚወስደው።

እዚህ ጋ ብሉዙ የት ሄደ የሚል ይኖራል። ግጥሙን ስሙ። ሀገሩ የተቃጠለበት ሰው፣ የሚወዳትን ይዞ የሚሄድ ሰው፣ ውሀ፣ መንገድ። የድሮዎቹ ብሉዝ ዘፋኞች ጎርፍና ባቡር ላይ የዘፈኑትን እሱ ባህር ስር ወሰደው፣ የሄደው ሩቅ ነው ግን ከዛው ነው የተነሳው።

ደረጃ 7፦ አሁን ከአንድ ጀምሩና እስከ 16 ሂዱ

ከዚህ በኋላ ሙሉውን ስሙት፣ በአንድ ቁጭታ ከቻላችሁ፣ ካልቻላችሁ ሁለት ሁለት ገፅ። የትራክ ቅደም ተከተሉን አረጋግጡ፣ የድሮ ሲዲ ቅጂዎች ላይ ገፆቹ ተዘበራርቀው የወጡ አሉ። መነሻው ያ አጭሩ የቴፕ ጨዋታ፣ ከዛ ርዕሱን የያዘው ለስላሳ ዘፈን፣ ሄንድሪክስ በቀጭን ድምፅ የሶል ዘፋኙን ከርቲስ ሜይፊልድን በሚያስታውስ መንገድ የሚዘፍነው፣ ከዛ ክሮስታውን ትራፊክ። ክሮስታውን ላይ ከጊታሩ ጋር የሚያላዝነው ድምፅ በማበጠሪያና በስስ ወረቀት የተሰራ ካዙ ነው።

ሁሉም ትራክ እኩል ነው አልላችሁም። ሁለተኛው ገፅ ላይ ያለው ሊትል ሚስ ስትሬንጅ የኖል ሬዲንግ ዘፈን ነው፣ ለኔ ደካማው እሱ ነው፣ ጊታሮቹ ቆንጆ ናቸው ግን ዘፈኑ ከሌሎቹ ጋር አይነሳም። ካም ኦን የኧርል ኪንግ የኒው ኦርሊየንስ ዘፈን ነው፣ የዋዛ ይመስላል ግን ሰውዬው ከየት እንደመጣ ያሳያል፣ ሄንድሪክስ ስሙ ሳይታወቅ በፊት ለአመታት ከሊትል ሪቻርድና ከአይዝሊ ብራዘርስ ጋር ከኋላ ቆሞ ሲያጅብ ነው የኖረው። በርኒንግ ኦፍ ዘ ሚድናይት ላምፕ ላይ ሀርፕሲኮርድ አለ፣ ዋዋ አለ፣ የስዊት ኢንስፒሬሽንስ የኳየር ድምፅ አለ፣ ከላይ ሲታይ ብዙ ነው፣ ግን ግጥሙ የብቸኝነት ነው፣ እና ይሄ ዘፈን ሁሌም ይነካኛል። ሀውስ በርኒንግ ዳውን ደሞ የተቀዳው ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደለበት ከኤፕሪል 1968 በኋላ ነው፣ የአሜሪካ ከተሞች የተቃጠሉበት ጊዜ፣ ዘፈኑ ለምን የወንድማችሁን ቤት ታቃጥላላችሁ ብሎ ይጠይቃል፣ መጨረሻ ላይ ጊታሩ ራሱ እሳት ይመስላል።

ይሄን ሁሉ ስትሰሙ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይሄ ሄንድሪክስ ብቻውን ፕሮዲዩስ ያደረገው ስቱዲዮ አልበም ነው፣ ያመጣው ፕሮዲዩሰር ቻስ ቻንድለር የቅጂው መደጋገምና ስቱዲዮው በሰው መሞላቱ አስመርሮት መሀል ላይ ጥሎ ሄደ። ኖል ሬዲንግም ለዚሁ ነው የተናደደው። እና እውነት ለመናገር ሁለቱም አልተሳሳቱም፣ ከባድ ሰው ነበር አብሮ ለመስራት። ግን አልበሙ ወጥቶ ኖቬምበር 1968 አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ሆነ፣ ያ ሁሉ መደጋገም የት እንደገባ ደሞ ዛሬም ይሰማል፣ በሰማችሁት ቁጥር አዲስ ነገር የምታገኙበት ምክንያት እሱ ነው፣ ከስር የተነባበረ ድምፅ አለ።

ደረጃ 8፦ ጊታር ወይ ክራር ለምትጫወቱ

እናንተ ከሌላው አድማጭ የቀደመ ነገር አላችሁ። ሄንድሪክስ ብሉዝ ሲጫወት በብዛት የሚቆምበት ማይነር ፔንታቶኒክ የሚባለው አምስት ኖታ ነው፣ ይሄ ደሞ የኛ ባቲ ማይነር ከሚባለው ቅኝት ጋር በኖታ አንድ ነው። የሚለየው አያያዙ ነው፣ የት እንደሚያርፍ፣ የትኛውን ክር ጎትቶ በሁለት ኖታ መሀል እንደሚያቆመው። ስለዚህ ባቲ በእጃችሁ ያለ ሰዎች ስላይት ሪተርንን ስትሞክሩ ኖታውን አትፈልጉ፣ ኖታው ጣታችሁ ላይ አለ፣ አጎታተቱን ፈልጉ። ጊታራችሁን ግማሽ ድምፅ ወደ ታች ቃኙት፣ እሱ እዚህ ዘፈን ላይ እንደዛ ነው የሚቃኘው፣ ክሩ ስለሚላላ ለመጎተት ይቀላል። ዋዋና ዲስቶርሽን አትጨምሩ መጀመሪያ። በንፁህ ድምፅ፣ በቀስታ፣ ረጅሙን ቩዱ ቻይል ከፍታችሁ የሚዘፍናትን አንድ ስንኝ በክር ድገሙት፣ እሱ እንደሚያደርገው። አንድ ስንኝ በትክክል ከመለሳችሁ ከሀያ የተሸመደደ ሶሎ ይበልጣል። ፔዳሉ ከዛ በኋላ ነው።

ደረጃ 9፦ ሆቴል ክፍል ውስጥ የቀዳቸውን ስሙ

በ2018 አልበሙ 50 አመት ሲሞላው ትልቅ እትም ወጥቶለታል፣ ሽፋኑም ሄንድሪክስ ያኔ ጠይቆ የተከለከለው የፎቶ አንሺዋ የሊንዳ ኢስትማን ፎቶ ሆኗል፣ ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ሀውልት ላይ ከህፃናት ጋር የተነሱት። እዛ እትም ውስጥ ኧርሊ ቴክስ የሚባለውን ክፍል ፈልጉ። ማርች 1968 አካባቢ ኒውዮርክ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ጊታርና ቴፕ ሪከርደር ይዞ የቀዳቸው ሙከራዎች ናቸው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚዘፍነው፣ የጎረቤት ክፍል እንዳይሰማ የሚጠነቀቅ ይመስላል። 1983 እዛ አለ፣ ያለ ፍሉት፣ ያለ ባህር ወፍ፣ ያለ ስቴሪዮ።

እሱን ከሰማችሁ በኋላ የአልበሙን 1983 መልሳችሁ ክፈቱና እያነፃፀራችሁ ሂዱ፣ የትኛው ሆቴል ውስጥ አብሮት እንደነበር፣ የትኛው ስቱዲዮ ውስጥ እንደተጨመረ። ዜማው፣ ግጥሙና የጊታሩ አመላለስ ሆቴል ውስጥ አልቀው ነው ስቱዲዮ የገቡት። ጂፕሲ አይስንም እንደዛው አድርጉት፣ ሎንግ ሆት ሰመር ናይትንም።